የሐጂ ሸረፋ ድምፅ

መርካቶ፣ ምን አለሽ ተራ ውስጥ መዶሻ ለማንም ብሎ አይቆምም። ሰው ቢጣላ፣ ዝናብ ቢወርድ፣ ባለሥልጣን ቢያልፍ፣ ቆርቆሮው መቀጥቀጡን አይተውም። እኔ ግን አንድ ቀን ሁሉም በአንዴ ቀጥ ሲል ሰምቻለሁ። የዚያን ቀን የሆነውን እስከ ዛሬ ለቅርብ ሰዎቼ እንኳ በሙሉ ነግሬ አላውቅም። ለእናንተ ልንገራችሁ።

ኮሮና የገባበት ዓመት ነው። በአንድ ሙዚየም ውስጥ የድምፅ ማኅደር ክፍል እሠራ ነበር። ሥራዬ የድሮ ካሴቶችን አጽድቶ ወደ ኮምፒውተር መገልበጥ ነው። ቀኑን ሙሉ ማዳመጫ ጆሮዬ ላይ አድርጌ፣ አብዛኞቹ በሕይወት የሌሉ ሰዎች ሲያወሩ እሰማለሁ። የት እንደሚተነፍሱ፣ የት እንደሚያመነቱ፣ መቼ ጉሮሯቸውን እንደሚጠርጉ በቃሌ አውቀዋለሁ። ከሕያው ሰው ጋር ግን ወሬ አልችልም ነበር። እናቴ፣ "አንቺ ልጅ፣ ከሙታን ጋር ውለሽ መምጣትሽ አንድ ቀን ጉድ ያመጣብሻል" ትለኝ ነበር።

ወረርሽኙ ሲገባ ሙዚየሙ ለጎብኚ ተዘጋ። አንድ ጠዋት ኃላፊያችን ጠራን።

"ቤት ዘግተን የምንቀመጥበት ጊዜ አይደለም" አለ። "ማኅደራችን ውስጥ ስለ ኅዳር በሽታ የሚናገሩ ሽማግሌዎች አሉ። እነሱን ለሕዝብ እናሰማ።"

የኅዳር በሽታ የሚለው ያንን ከመቶ ዓመት በፊት አዲስ አበባን የጨረሰውን ወረርሽኝ ነው፤ ዛሬም በየዓመቱ ኅዳር ሲታጠን እያልን ቆሻሻ የምናቃጥልለትን። ያንን በልጅነታቸው አይተው የተረፉ ጥቂት አዛውንቶች፣ ከብዙ ዘመን በፊት አንድ ተመራማሪ በካሴት ቀድቷቸው ነበር። ከእነሱ አንዱ ሐጂ ሸረፋ የሚባሉ የመርካቶ ነጋዴ ናቸው። ከድምፃቸው ጀርባ የመዶሻ ጩኸት ይሰማል፤ የተቀዱት እዚያው ምን አለሽ ተራ፣ ሱቃቸው ውስጥ ነው።

"መርካቶ የጤና ሰዎችን እያባረረ ነው" አለ ኃላፊያችን። "የራሱን ሽማግሌ ግን ይሰማል። አንቺ ቁረጪና አሳጥሪው፤ በመኪና ዞራችሁ አሰሙት። በድረ ገጻችንም ይውጣ።"

"ቤተሰባቸውን ፈልገን ብናስፈቅድስ?" አልኩት።

"በሽታው ፈቃድ እየጠየቀ ነው እንዴ የሚገባው?"

የረጅሙን ካሴት ጥቂት ደቂቃ አወጣሁ። ላፕቶፔን ይዤ ከሾፌራችን ከጌታቸው ጋር ወጣሁ። ከፒክአፑ ጀርባ ሁለት ትልልቅ ድምፅ ማጉያዎች ታስረዋል።

መንገድ ላይ ጌታቸው ማስኩን እያስተካከለ፣ "ዛሬ ባንሄድ ጥሩ ነበር" አለኝ። "ትናንት ከታች ያለውን ተራ በአንድ በሽተኛ የተነሣ ሱቁን በሙሉ አሽገውታል። ሰዉ ልቡ ቆስሏል።"

"እኔ እኮ የሰፈር ልጅ ነኝ፤ አማኑኤል ነው ያደግኩት። ቀስ ብለን እናስረዳቸዋለን" አልኩት። ሞኝነቴ።

መኪናችን ምን አለሽ ተራ ገብታ ገና ሳትቆም አንድ ጎረምሳ ከፊታችን በርሜል አንከባሎ አቆመ። የብየዳ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሏል፤ መዶሻው እጁ ላይ ነው። በኋላ ስሙ ጃፋር እንደሆነ ሰማሁ።

"ማናችሁ?" አለ።

"ከሙዚየም ነን" አልኩት በመስኮት።

"ሙዚየም? እኛ መቼ ሞትንና ነው?" ዙሪያው ያሉት ሳቁ። የሚያስደስት ሳቅ አልነበረም።

"ስለ በሽታው የምናሰማችሁ ነገር አለ። አጭር ነው። እኔ ራሴ የዚሁ አካባቢ ልጅ ነኝ፤ ከአማኑኤል ነው የመጣሁት።"

"ከአማኑኤል? ማን ከፍቶልሽ አመለጥሽ?"

የአእምሮ ሆስፒታሉን ቀልድ በልጅነቴ ስለለመድኩት አልከፋኝም። የከፋኝ ከኋላችን ሌላ በርሜል ሲንከባለል መስማቴ ነው። መውጫ የለንም። ጌታቸው በለሆሳስ፣ "ድምፁን አሰሚና ይለይልን፤ ምናልባት ሰምተው ይተውናል" አለኝ። ከፈትኩት።

*"ሰው ቆሞ እየሄደ ይወድቅ ነበር…"* አሉ ሐጂ ሸረፋ በዚያ ሸካራ ድምፃቸው። *"የሚቀብር ጠፋ። ጅብ በቀን ከተማ ገባ…"*

ጃፋር ወደ ባልንጀሮቹ ዞሮ እጁን አወናጨፈ። ከዚያ የሆነውን በጆሮዬ ብቻ ሳይሆን በጥርሴም ነው የሰማሁት። ተራው በሙሉ መቀጥቀጥ ጀመረ። በርሜል፣ ምጣድ፣ የመኪና በር፣ ያገኙትን ብረት ሁሉ። ለሥራ አይደለም፤ ድምፁን ለመግደል ነው። አንዱ የእኛን መኪና ኮፈን መታው። "ገበያችንን ልታዘጉ!" "የፈረንጅ ብር በልታችሁ!" "አስወጧቸው!" ይላሉ። አንድ የበሰበሰ ቲማቲም መስታወቱ ላይ ፈነዳ። ጌታቸው ሁለቱን እጆቹን መሪው ላይ አድርጎ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፤ እየጸለየ ነበር።

ድምፁን ልዘጋው እጄን ስሰድ ነው መዶሻው የቆመው።

አንድ ሰውዬ መንገዱ መሀል እጃቸውን ወደ ላይ አንሥተው ቆመዋል። ነጭ ኮፍያ፣ ሸበቶ ጢም፣ ትከሻቸው ሰፊ። የተራው ትልቅ ሰው መሆናቸው ያስታውቃል፤ ጃፋር እንኳ መዶሻውን አውርዷል። በዚያ ጸጥታ ውስጥ የሐጂ ሸረፋ ድምፅ ብቻ ቀረ።

*"…እኛ ተጠጋግተን ነው ያለቅነው። እናንተ አትጠጋጉ…"*

ሰውዬው ወደ ድምፅ ማጉያው ተጠጉ። እጃቸውን ዘርግተው ነኩት፤ ልክ የሰው ፊት እንደሚነካ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። እንዲህ ያለ ዓይን ከዚያ በፊት አላየሁም፤ ከዚያም ወዲህ።

"ይሄ አባቴ ነው" አሉ። "አባቴ ከሞተ ስንት ዘመኑ! ማን ፈቅዶላችሁ ነው ገበያ መሀል የምታስጮኹት?"

ድምፁን ዘጋሁት።

"እኔ አሁን ሱቅ ውስጥ ቁጭ ብዬ የአባቴን ድምፅ ሰማሁ! ያበድኩ መሰለኝ! ወላሂ ያበድኩ ነው የመሰለኝ! ውረጂ!"

"ጋሼ፣ ይቅርታ…"

"ውረጂ አልኩሽ!"

ጃፋር በሩን ከፈተው። ላፕቶፔን ነጥቆ ለሰውዬው ሰጣቸው። ጌታቸው ሊከተለኝ ሲል ሁለት ሰዎች ትከሻውን ይዘው መልሰው አስቀመጡት።

ጋሽ ነስሩ ይባላሉ። ሱቃቸው ውስጥ ባልዲ በባልዲ፣ ምድጃ በምድጃ ላይ እስከ ጣሪያው ተቆልሏል። የቆርቆሮውን በር እስከ ወገብ አወረዱት። ውጭ የጃፋርና የሌሎቹ እግሮች ብቻ ይታዩኛል።

"አጥፊው" አሉኝ ላፕቶፑን ጠረጴዛ ላይ እየወረወሩ።

"እሺ፣ ከዚህ ላይ አጠፋዋለሁ። ግን አልዋሽዎትም ጋሼ፤ ድረ ገጻችን ላይ ወጥቷል። ዋናው ካሴትም ሙዚየም አለ።"

"አባቴን ለዓለም በተናችሁት ማለት ነው።"

"ሰዉ እንዲጠነቀቅ ብለን…"

"ሰዉ! ስለ ሰዉ አንቺ ታስቢያለሽ? ትናንት ከታች የሱቁን በር ሲያሽጉ የት ነበርሽ? ያ ሁሉ ቀን ሠርቶ ማታ የሚበላ ሰው ምን ይብላ? እናንተ ሥዕል ታነሣላችሁ፣ ድምፅ ትቀዳላችሁ፣ ትሄዳላችሁ። እኛ እንቀበራለን።"

ያን ጊዜ አንድ ነገር ሰማሁ። ከላይ፣ ዕቃ ከሚቀመጥበት ቆጥ ነው። ሳል። ሰው በጨርቅ አፍኖ የሚስለው ዓይነት። ከዚያ ትንፋሽ፤ አጭር፣ የተቀደደ፣ የሚያፏጭ።

ቀና አልኩ። ጋሽ ነስሩም አዩኝ።

"ምንም አልሰማሽም" አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። ከጩኸታቸው ይልቅ ይሄ አስፈራኝ።

"ጋሼ…"

"ምንም አልሰማሽም አልኩሽ። ከዚህ ወጥተሽ አንድ ቃል ብትተነፍሺ ይሄ ተራ ይታሸጋል። ያኔ ውጭ ያሉት ምን እንደሚያደርጉሽ እኔ አላውቅም።"

ግን ሥራዬ መስማት ነው፤ የሰማሁትን አልሰማሁም ማለት አቃተኝ።

"ማን ናቸው?" አልኩ።

ምድጃ ላይ ተቀመጡ። "ታናሽ ወንድሜ ነው። ሸምሱ" አሉ። "ብርድ ነው የመታው።"

"አተነፋፈሳቸው የብርድ አይደለም።"

"ሐኪም ነሽ?"

"አይደለሁም። ትንፋሽ ግን ስሰማ ነው የምውለው። ሆስፒታል ይውሰዷቸው።"

"ወስጄስ? አስገብተው በር ይዘጋሉ። ከሞተ ጀናዛውን አጥበን አንቀብርም፤ በላስቲክ ጠቅልለው ነው የሚሰጡን ይላሉ። እዚህ ቢሞት እንኳ ወንድሙ አጠገቡ ነው።" ድንገት ተነሡ። "ደግሞ አንቺ ማን ነሽና ነው ይሄን የምነግርሽ? አባቴን ከመቃብር አውጥተሽ መጣሽ፤ አሁን ደግሞ ወንድሜን ልትወስጂ!"

ከዚያ በኋላ ያልኩትን ለምን እንዳልኩት አላውቅም። ምናልባት ሌላ የምለው ስላልነበረኝ ነው።

"መንገድ ላይ የሰሙት ሙሉው አይደለም። ተቆርጧል።"

"ምን?"

"አባትዎ የተናገሩት ረጅም ነው። ስለ ራሳቸው ቤት የተናገሩትን ትተን ነው የወጣነው።"

"አባቴን ቆረጣችሁት?" ፊታቸው ተለወጠ። "እሱንም አልማራችሁትም? ክፈችው። ሙሉውን።"

ከፈትኩት። የላፕቶፑ ድምፅ ትንሽ ስለሆነ ጆሯቸውን አስጠጉ። ውጭ መዶሻው ቀስ በቀስ ተመልሷል፤ ካሴቱም ውስጥ መዶሻ አለ። የትኛው የዛሬ፣ የትኛው የድሮ እንደሆነ መለየት አቃተኝ።

*"መጀመሪያ ታላቅ ወንድሜን አመመው"* አሉ ሐጂ ሸረፋ። *"አባቴ ጓዳ አስገብቶ ደበቀው። የቤት አከራያችን ካወቀ ያስወጣናል ብሎ ፈራ። ጎረቤት ሲመጣ 'አገር ቤት ሄዷል' ይላል። እኔ ሲያቃስት እየሰማሁ፣ አባቴ ለሰው ሲዋሽ አያለሁ። ወንድሜ ሞተ። ከዚያ እናቴ። ከዚያ እህቶቼ፣ ተከታትለው። አከራዩ እኮ አላስወጣንም። እሱም ሞተ። ማንን ነበር የፈራነው?"*

የሚቀዳቸው ሰው አንድ ነገር ጠየቃቸው። ረጅም ዝምታ ሆነ። ይሄን ዝምታ ደጋግሜ ሰምቼዋለሁ፤ ሐጂ ሸረፋ እዚህ ጋ ምራቃቸውን ይውጣሉ።

*"ለልጆቼ? አልነገርኳቸውም። አያታችሁ ቤተሰቡን በፍርሃት ጨረሰ ብዬ እንዴት እነግራለሁ? አባቴ እኮ ነው።"*

አቆምኩት። ጋሽ ነስሩ ያለቅሳሉ ብዬ ጠብቄ ነበር፤ አላለቀሱም። ቀና ሲሉ ያው ንዴት ነው ፊታቸው ላይ ያለው፤ እንዲያውም ብሶበታል።

"እግርሽን ሰብሮ ቤትሽ ባስቀረሽ" አሉኝ።

ከዚያ መሰላሉን ይዘው ወደ ቆጡ ወጡ። ላይ ሲነጋገሩ ይሰማኛል።

"ነስሩ፣ ተው። ይዘጉብሃል" ይላል የተቆራረጠ ድምፅ።

"ይዝጉት።"

"ሰዉ ይጠላሃል።"

"ይጥላ። ያዘኝ፣ አንገቴን ያዘኝ።"

ወንድማቸውን በጀርባቸው አዝለው ወረዱ። ሸምሱ ሃምሳዎቹ ውስጥ ያለ ትልቅ ሰው ነው፤ ከንፈሩ ግን ጠቁሯል፣ ራሱን መሸከም አቅቶታል። ጋሽ ነስሩ በአገጫቸው ወደ በሩ ጠቆሙኝ። የቆርቆሮውን በር ወደ ላይ ገፋሁት።

ውጭ የነበሩት መጀመሪያ አልገባቸውም። ጃፋር እንኳ ሊያግዝ አንድ እርምጃ ወደፊት መጣ። ሸምሱ ሳለ። ያን ጊዜ ገባቸው።

ሰዉ ከመንገዱ ሲሸሽ አይቻለሁ፤ እንደዚያ ሲሸሽ ግን አላየሁም። እኛን አናስወጣም ብለው ያቆሙትን በርሜል ራሳቸው እየገፉ ጣሉት። ጃፋር መጎናጸፊያውን አፉ ላይ አድርጎ ወደ ኋላ እያፈገፈገ ይጮኻል።

"ጋሽ ነስሩ! እኛን ልትጨርሰን ነበር? አብረንህ በላን እኮ! ልጆች አሉን እኮ!"

ጋሽ ነስሩ ወንድማቸውን ከፒክአፑ ጀርባ፣ ከድምፅ ማጉያዎቹ መሀል አስተኙት፤ ራሱን ጭናቸው ላይ አድርገው ተቀመጡ። ከኋላችን አንድ ሰው ባልዲ ወረወረ። ለማን እንደወረወረው አላወቅኩም፤ ለእኔ ይሁን ለእሳቸው።

ጌታቸው መስኮቶቹን በሙሉ ከፍቶ ነዳ። የሕክምና ማዕከሉ በር ላይ ልብሳቸው ነጭ፣ ፊታቸው የማይታይ ሰዎች ሸምሱን ተቀበሉን። ጋሽ ነስሩ አብረው ሊገቡ ሲሉ ከለከሏቸው። በሩ ተዘጋ፤ ልክ እንደፈሩት። እዚያው በሩ ላይ ቆመው፣ ዞር ሳይሉ፣ "ሂጂልኝ" አሉኝ።

ሸምሱ አልተረፈም። ጋሽ ነስሩ ለመቅበር የቆሙት ከሩቅ ነው።

እኔና ጌታቸው ተመርምረን ነፃ ሆንን፤ ያም ሆኖ ለይቶ ማቆያ ውስጥ ከረምን። ተራው ታሸገ። ከጋሽ ነስሩ ሠራተኞች ጥቂቶቹ በሽታው ተገኝቶባቸው ታክመው ዳኑ። ኃላፊያችን ይሄን ሲሰማ በሪፖርቱ ላይ "ማኅደሩ የሰው ሕይወት አዳነ" ብሎ ጻፈ። ውሸት አይደለም። ግን ሳነበው ደሜ ፈላ። ዕለቱን ድምፁን ከድረ ገጹ አወረድኩት። በማን ትእዛዝ ነው ተባልኩ። በማንም አልኩ። የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ደረሰኝ፤ ቤተሰቡ ሳይፈቅድ ግን መልሼ አልሰቀልኩትም።

አንባቢዎቼ፣ እንዲህ ያለ ታሪክ ሲያልቅ ሰዎቹ ተቃቅፈው ይታረቃሉ። የእኛ እንደዚያ አልሆነም። ምን አለሽ ተራ ዛሬም ሳልፍ የሚያውቀኝ አለ፤ አይቶኝ መንገድ የሚቀይርም አለ። አልፈርድባቸውም። እኔ ያኔ ድምፅ ማለት መሣሪያ ውስጥ ያለ ነገር ይመስለኝ ነበር፤ ከፍቼ የምሰማው፣ ቆርጬ የማሳጥረው። ድምፅ ባለቤት አለው። ባለቤቱ ቢሞት የሚወርሰው ልጅ አለው፤ ልጁም ሱቅ ውስጥ ቁጭ ብሎ ሊሆን ይችላል። አሁን አንድ ካሴት ከመክፈቴ በፊት የሰውየውን ቤት አንኳኳለሁ። አንዳንዱ ያባርረኛል። መባረርን ለምጄዋለሁ።

በሽታው ጋብ ካለ በኋላ፣ አንድ ቀን የጥበቃ ሠራተኛው፣ "የሚፈልጉሽ ሰውዬ አሉ" ብሎ ጠራኝ። ጋሽ ነስሩ ናቸው። ከስተዋል። ሰላምታዬን አልመለሱም።

"አባቴን የቀዳችሁበት ነገር አለ አይደል? አሁን እኔን ቅጂ" አሉ።

ማይክሮፎኑን ፊታቸው አስቀመጥኩ። ተናገሩ ማለት ይከብዳል፤ ረገሙ። ሲጠሩት እየሮጠ ይመጣ የነበረውን ጎረቤት፣ ለቀብር ያልቆመውን ዕድር፣ ምድጃቸውን አልገዛም ያለውን ደንበኛ፣ በር የዘጉባቸውን የጤና ሰዎች አንድ በአንድ ረገሙ። እኔንም አልማሩኝም።

"ለምን መጣሽ ብዬ ነበር የረገምኩሽ" አሉ ማይክሮፎኑን ሳይሆን እኔን እያዩ። "አሁን ደግሞ ለምን ዘገየሽ ብዬ እረግምሻለሁ። ሸምሱ ገና ሳል ሲጀምረው የት ነበርሽ? አባቴ እዚህ ካሴት ውስጥ ተቀምጦ ሲጮኽ የት ነበርሽ?"

አላቋረጥኳቸውም። ሲጨርሱ ኮፍያቸውን አስተካክለው ተነሡ።

"የአባቴንም ድረ ገጻችሁ ላይ ፈልጌ አጣሁት፤ መልሺው" አሉ። "ግን ሙሉውን። እንዳትቆርጪ።"

"እሺ ጋሼ። የእርስዎንስ በምን ስም ላስገባው? በሽታው የገባበት ቤት ሰው አብዛኛው ስሙ እንዲወጣ አይፈልግም። ከፈለጉ ልደብቀው እችላለሁ።"

በሩ ላይ ቆሙ። ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፃቸው ተሰበረ።

"መደበቁን አየነው እኮ ልጄ" አሉ። "ነስሩ ሸረፋ ብለሽ ጻፊ። ወንድሙን ቆጥ ላይ የደበቀው።"